ቀይ ጨርቅ የታሰረባት ጀሪካን

ከአሥር ምናምን ዓመት በፊት በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው በደወሌ ከተማ አንዲት ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። መለስኩላት። የመለስኩላት ግን ውሸት ነበር። ትንሽ ውሸት ናት፣ ማንንም አልጎዳችም ብዬ ለራሴ ስንት ጊዜ ነገርኩት። ባቡር ባየሁ ቁጥር ግን ትመጣብኛለች። ዛሬ ልጻፋትና ምናልባት ትውጣልኝ።

ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ከዚራ ሰፈር ያለውን ጣቢያ እንደ ግቢያችን ነበር የማውቀው። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት ነበረ፤ ግን እናቴ ምሳ የምታቀርበው ጥሩምባውን ሰምታ ነው። አባቴ ማታ ሲገባ እጁ ግሪስ ይሸታል። ዛሬም ጋራዥ ሳልፍ ያ ሽታ ሲመጣብኝ እርምጃዬን ቀነስ አደርጋለሁ።

ከዚያ ባቡሩ እየሳሳ መጣ። ከአዲስ አበባ ለገሃር ወደ ድሬ የሚመጣው ቀረ። አባቴም ጡረታ ወጣ። 784 ኪሎ ሜትር የነበረው መስመር በመጨረሻ በእኛ በኩል ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ድንበር ያለችው ጭራው ብቻ ቀረች። አልፎ አልፎ የምትሄድ ባቡር ነበረች። ሰው፣ ጆንያ፣ ፍየል፣ ሁሉም አንድ ላይ። የአገሪቱ ትልቁ የባቡር መስመር የገጠር መንደር ለመንደር ባቡር ሆነ።

እኔ የተሳፈርኩባት በዚያ ዘመን ነው። በ2006 ዓ.ም.፣ ክረምት ሊገባ ሲል። ተመርቄ ሥራ አጥቼ ቤት ተቀምጫለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ደወሌ እየተመላለሰች ትነግዳለች። ሽቶ፣ ጨርቅ፣ የዱቄት ወተት። «ከምትቆዝሚ አብረሽኝ ነይ፣ አገር ታያለሽ፣ ዕቃም ትይዢልኛለሽ» አለችኝ። ሄድኩ።

አዲጋላ

በረሃው ውስጥ የነበረውን ሙቀት ለድሬ ሰው አላወራም። ሽንሌን አለፍን። ሐረዋን አለፍን። ባቡሯ አትሮጥም። ልጆች ከጎኗ እየሮጡ ይቀድሟታል። የምትቆመውም ጣቢያ ላይ ብቻ አልነበረም። ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ፣ አንድ ግራር ሥር፣ አንድ ሽማግሌ ዱላውን ከፍ አድርጎ ቆሞ ካየ ነጂው ይይዛታል። ሽማግሌው ይሳፈራል፤ ወይም አይሳፈርም። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አቀብሎ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ይመለሳል። መጀመሪያ ሲቆም ተበሳጨሁ። ሦስተኛው ላይ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ ማየት ጀመርኩ።

አዲጋላ ስንደርስ ሴቶች ባቡሯን ከበቧት። «አኖ ጌል! አኖ ጌል!» የግመል ወተት። የሚሸጡ አሉ። የማይሸጡም አሉ፤ እነሱ የሚልኩት ነው። እትዬ ከአንዷ ጋር ዋጋ ትከራከራለች። እኔ ከመንደሩ ጀርባ ያለውን ተራራ እያየሁ ነበር። በዚያ መሃል አንድ እጅ በመስኮቱ ገባ። ጣቶቹ በሂና የጠቆሩ፣ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ ያለበት እጅ። ሦስት ሊትር የምትይዝ ቢጫ ጀሪካን ጭኔ ላይ አስቀመጠ። እጀታዋ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮባታል።

«ደወሌ። ልጄ ትመጣለች። ቀዩን ታውቀዋለች» አለችኝ በሶማሊኛ።

«እሺ ኤዶ» አልኳት፤ አክስቴ እንደማለት ነው።

ይኼው ነው። ባቡሯ ተንቀሳቀሰች። እኔ ተራራዬን ማየት ቀጠልኩ። እጁን አይቻለሁ። ጀሪካኗን አይቻለሁ። ቀዩን ጨርቅ ዛሬም ልስለው እችላለሁ። ፊቷን ግን አላየሁም።

የድንበሩና የሐዲዱ እኩያነት

ወደ ደወሌ ከመድረሴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ይሄን ያወቅኩት ከዚያ ጉዞ በኋላ ነው፤ እያነበብኩ፣ የአባቴን የሥራ ጓደኞች እየጠየቅኩ።

ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከፈረንሳዮች ጋር የድንበሩን ውል የተዋዋሉት መጋቢት 1889 ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ወደብ መነጠፍ የጀመረው ደግሞ ጥቅምት 1890። ልዩነታቸው ሰባት ወር ነው። እኛ ድንበሩን ከጥንት የነበረ፣ ሐዲዱን እሱን ለማቋረጥ የመጣ አድርገን ነው የምናስበው። ሁለቱ ግን እኩዮች ናቸው። አንዱ ሰውን ሊለያይ፣ ሌላው ሰውን ሊያገናኝ፣ በአንድ ወቅት አንድ በረሃ ላይ ተዘረጉ።

ያቺ ወተት የላከች ሴት ሕዝቦች ግን ከሁለቱም በፊት እዚያ ነበሩ። ከሶማሊ ጎሳዎች አንዱ የሆኑት ኢሳዎች ግመላቸውን ይዘው ዝናብ ወደዘነበበት ይሄዳሉ። ዝናብ ደግሞ ውል አያነብም። ያልተጻፈው ሕጋቸው ሔር ኢሴ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ ነው ያስመዘገቡት። ሦስት አገር ውስጥ ያለ አንድ ሕግ። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ ያቺ ጀሪካን ናት።

አሮጌውን ባቡር መልአክ ላደርገው አልፈልግም። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ከበደና ሜዳ ሜዳውን ሄደ። በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ቦታ «አዲስ ሐረር» ተባለ። የኛ ድሬ መሆኑ ነው። እኛ ስንወለድ አሮጌዋ ሐረር ዳር ቀረች። የግመል ቅፍለት ሲነሳባት የኖረችው ዘይላም ወደቧ ቀዘቀዘ። ስለዚህ የኔን ከተማ የወለደው ባቡር የሌላውን ገበያ ወስዶ ነው የመጣው። ይሄን እያወቅኩ ነው ስለ አዲጋላ የማዝነው።

መንደሮቹም ዝም ብለው አልኖሩም። በ1969 ዓ.ም. ጦርነት ሲመጣ ድልድዮች ተሰባብረው ባቡሩ ለወራት ቆመ። አባቴ ያን ጊዜ ወጣት ነበር። «ባቡሩ የቆመ ቀን ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ስኳር ነው፤ ቀጥሎ ወሬ» ይል ነበር። ወሬ ሲል ሐሜት ማለቱ አልነበረም። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋ። ልጅ ሳለሁ አባባሉ ያስቀኝ ነበር። ደወሌ ላይ ግን ገባኝ።

«ማሳሉን ተወች?»

ደወሌ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ለኛ ባቡር መንገዱ እዚያ ያልቃል። ሐዲዱ ግን አያልቅም። ዝም ብሎ ይቀጥላል፣ ጅቡቲ ውስጥ ወዳሉት ወደ ጉሊሌ፣ ወደ አሊ ሳቢህ። ጉምሩክ አለ፣ ፍተሻ አለ፣ ጆንያ የሚጎትት አለ። እትዬ ወዲያው ከሰዎቿ ጋር ጠፋች። እኔ ጀሪካኗን ታቅፌ ቆምኩ።

ልጅቷ በሐዲዱ መጣች። ከዚያ ማዶ፣ እንጨት እንጨቱን እየረገጠች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። በግራ እጇ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። ያቺም ላይ ቀይ ጨርቅ አለ። ከሩቅ የኔን አይታ ፈገግ አለች። ተለዋወጥን። ባዶዋ ታጥባ ደርቃ ነበር፤ እጀታዋ ላይ ትንሽ የሻይ ቅጠል በፌስታል ተቋጥሮባታል።

«ድሬ ነሽ?» አለችኝ በአማርኛ። ድሬ አክስቷ ጋ ተቀምጣ ትንሽ ተምራለች። አሁን አሊ ሳቢህ አግብታለች።

«አዎ አበዮ» አልኳት፤ እህቴ ማለት ነው።

«እናቴን አየሻት?»

«አየኋት።»

«ማሳሉን ተወች?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ፊቷን በጣም አስታውሳለሁ፤ የልጅቷን። ጥያቄው እግረ መንገድ የተጠየቀ አልነበረም። ጀሪካኗን ወደ ጎን አድርጋ፣ አይኔን እያየች ነው የጠየቀችኝ። እኔ ምን ላውቅ። ሴትየዋ ስላ ይሆናል። አንገቷ ከስቶ ይሆናል። እዚያው አጠገቤ፣ በክንድ ርቀት ላይ ቆማ ነበር። እኔ ተራራ እያየሁ ነበር።

«ስልክ የላትም?» አልኳት፤ ጊዜ ለመግዛት ይመስለኛል።

«አላት። በስልክማ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የምትለው። ለዚህ ነው ያያትን ሰው የምጠይቀው።»

«ደህና ናት» አልኳት። «አትስልም። ስትስቅ ነበር።»

«ስትስቅ ነበር»ን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። ልጅቷ ግን ትከሻዋ ወረደ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችኝ። ወተቱን ይዛ በመጣችበት ሐዲድ ተመለሰች። እንጨት እንጨቱን እየረገጠች፣ እስክትጠፋ አየኋት። ማየት ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ሌሊቱን ደወሌ አደርን። አልተኛሁም። በማግስቱ ስንመለስ አዲጋላ ላይ ግማሽ አካሌን በመስኮት አውጥቼ ጠበቅኩ። አሁን አያታለሁ፣ ስትስል እሰማለሁ፣ ያው በሚቀጥለው ሳምንት ለሚሄድ ሰው እነግራለሁ ብዬ ነበር። የመጣው አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። ቀዩን አይቶ እጁን ዘረጋ። «ኤዶ የታለች?» አልኩት። ወደ ቤቶቹ ጠቆመኝ። ያ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ተኝታለች? ሥራ ላይ ናት? ደግሜ ሳልጠይቀው ባቡሯ ተነሳች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔዋ እስካሁን አልጠራችም። ያ ውሸት አሊ ሳቢህ ድረስ ሄዷል። ልጅቷ «ደህና ናት» ብላ ያንን ሳምንት ሳትመጣ ቀርታ ይሆን? መምጣት የነበረባት ሳምንት ያ ቢሆንስ? ይቺ ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ።

የማይከፈት መስኮት

አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አባቴ በሕይወት ነበር። በቴሌቪዥን አየው። በኤሌክትሪክ እንደሚሄድ ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። ሐዲዱ ከአሮጌው እንደሚሰፋ ነገርኩት። አሮጌው አንድ ሜትር ነው፤ አዲሱ አንድ ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል። «እንግዲህ የኛ ፉርጎዎች እዚያ ላይ አይሄዱም» አለ። ብዙ ነገር አልተናገረም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አሁንም ደስ ይለኛል። የአገሪቱ የውጭ ንግድ አብዛኛው የሚገባው የሚወጣው በጅቡቲ ነው። ማዳበሪያው በሰዓቱ ካልደረሰ ገበሬው ክረምቱን ያልፈዋል። በዚያች በሕፃን በምትቀደም ባቡር አገር አይቀለብም።

በ2011 ዓ.ም. ለሥራ ጅቡቲ መሄድ ነበረብኝና ተሳፈርኩበት። ንጹሕ ነው። ቀዝቃዛ ነው። የድሬዳዋ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ ከዚራን አላየሁም። ከድሬ ከተነሳን በኋላ አሮጌው ሐዲድ አንዴ ይጠጋናል፣ አንዴ ይሸሸናል። አንዳንድ ቦታ አሸዋ ውጦታል። አንዳንድ ቦታ ፍየሎች ተኝተውበታል።

አዲጋላ ስንቃረብ ልቤ መምታት ጀመረ። ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። እኔ የሄድኩበት ባቡር እዚያ አልቆመም። አለፈ። ቤቶች አየሁ፣ አንድ ዛፍ አየሁ፣ ሁለት ሴቶች አየሁ። ቆመው ያዩናል። አንዷ እጇ ላይ ቢጫ ነገር ነበር። ወይም እኔ ማየት ስለፈለግኩ ነው። እጄ ሳላስበው መስኮቱን ለመክፈት ሄደ። መስኮቱ አይከፈትም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አሮጌዋን ባቡር የምናፍቃት ቀርፋፋ ስለነበረች አይደለም፤ መቀርፈፍ ምን ይናፈቃል። ጥቁር ጭሷን፣ ጥሩምባዋን፣ የፈረንሳይ ወንበሮቿን የሚናፍቁ አሉ፤ አይፈረድባቸውም። እኔ የምፈልገው የሚከፈት መስኮት ነው። እጅ የሚገባበት። «አየሻት ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንዲህ ያለውን ይመስለኛል። የቆጡ ያስፈልገን ነበር። አጥብቆ ያስፈልገን ነበር። ግን ብብታችን ውስጥ ምን እንደነበረ የቆጠረ ሰው የነበረ አይመስለኝም። በሚዛን የሚመዘን ዕቃ ስላልሆነ ይሆናል። ሦስት ሊትር ወተትና አንድ ጥያቄ የትኛው ዓምድ ላይ ይጻፋል?

እንዲህ እያሰብኩ አሊ ሳቢህ ደረስን። እዚያ ቆመ። መድረኩን ከዳር እስከ ዳር አየሁ። ልጅቷ አሁን ስንት ዓመቷ ነው፣ ልጆች ወልዳለች፣ ባየኋትስ ምን እላታለሁ? ሻንጣ የያዙ ሰዎች ወረዱ። ሌሎች ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ጋቢና

አምና እንደገና ወደዚያ ሄድኩ፤ በዚህኛው ጊዜ በመኪና፣ ከድሬ ደወሌ በአስፋልቱ። ለቅሶ ነበር የሄድኩት፤ እትዬ እህቷ እዚያ ሞታባት። ስመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ጋቢና ገባሁ። እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ። ሥሬ ጀሪካን ነው። ቢጫ፣ ትንንሽ፣ ባዶ። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኳቸው፤ ዘጠኝ ናቸው። እያንዳንዱ እጀታ ላይ ጨርቅ ታስሯል።

ለረጅም ጊዜ መናገር አቃተኝ። ሾፌሩ ሙቀቱ የያዘኝ መስሎት ውሃ ሰጠኝ።

«የማን ናቸው?» አልኩት።

«የወተቶቹ ናቸው፤ መንገድ ላይ አደርሳቸዋለሁ። ስትሄጂ ሙሉ፣ ስትመለሺ ባዶ።»

«ሰዎቹን ታውቃቸዋለህ?»

ልጅ ነው፤ ሠላሳ አይሞላውም። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እየጠቆመ ይነግረኝ ጀመር። አረንጓዴዋ እግሯን አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። ባለ አበባው ጨርቅ ልጇ ባለፈው ሳምንት ወንድ ወልዳላታለች፤ ሻይ ቅጠሉ የምሥራች ነው። ነጯ ሴት አይደለችም፤ ሽማግሌ ነው፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ራሱ ነው የሚያልበው።

«ይሄን ሁሉ እንዴት ያዝከው?» አልኩት።

«ይጠይቁኛላ! እዚያ ማዶ ያሉት ሳልወርድ ነው የሚጠይቁኝ። ካላወቅኩ ይቆጡኛል፤ አቦ ሁለተኛ አይልኩብኝም።»

ጊዜ ወሰደብኝ። አዲጋላ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጠየቅኩት።

«ቀይ ጨርቅስ? የአዲጋላ?»

«ቀይ ሦስት ናቸው። የቷን ነው? ስሟ ማን ነው?»

ስሟን አላውቅም። ዕድሜዋን አላውቅም። ሂና የቀባ እጅ፣ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አልኩት። ሳቅ አላለም። ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ።

«እጅ አላየሁም» አለ። «ፊቷ ምን ይመስላል?»

ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። መብራቱን አበራ፤ መሽቶ ነበር። ከፊታችን ሴቶች ወደ መንገዱ ሲወጡ ታዩ። ሾፌሩ ሊወርድ ሲል «እኔ ላቀብል» አልኩት። መስኮቱን እስከ ታች አወረድኩት። ሦስቱን ቀዮች ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አንዷን አነሳሁና የመጀመሪያዋ ሴት እስክትቀርብ፣ ፊቷ መብራቱ ውስጥ እስኪገባ ጠበቅኩ።